የምጣድ ማሟሻ

የሀዋሳ ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ የምመጣው ጉዳይ ሲኖረኝ ብቻ ነው። ጥቅምት ላይ የመጣሁትም አንድ ማህተም ፍለጋ ነበር። አርብ ከሰዓት ደረስኩ፣ «ሰኞ ተመለስ» ተባልኩ። የማህተሙ ወሬ በዚህ ያብቃ።

የማርፈው አራት ኪሎ አክስቴ ቤት ነው። እቴቴ ነው የምንላት። ከሚያዝያ 27 ሐውልት ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ስድስት አባወራ የሚኖርበት የቀበሌ ቤት ግቢ አለ። አንድ የውሃ ቧንቧ፣ አንድ በቆርቆሮ የተከለለ የጋራ ማብሰያ፣ አንድ የኮክ ዛፍ። ልጇም ከሜሪላንድ ለእረፍት መጥታ ነበር።

ማታ እንደገባሁ ግቢው ሁሉ ሐዘን ላይ ያለ መሰለኝ። ለካ የእቴቴ ምጣድ ከዳር እስከ መሀል ተሰንጥቆ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ እኮ አላት፣ ልጇ ናት የገዛችላት። ግን መብራት ሄደ ብሎ ሊጥ አይጠብቅም። ደግሞ እቴቴ የእንጨት እሳት ያላየ እንጀራ ዓይኑ አያምርም ባይ ናት። በዚህ አትከራከሯት።

ቅዳሜ ጠዋት እኔና የአክስቴ ልጅ መርካቶ ተላክን። ጣልያን የአራዳን ገበያ ወደዚያ ካዞረው ጀምሮ መርካቶ የሌለ ነገር የለም ይባላል። ሸክላ የሚሸጥበት ቦታ እስክንደርስ ግን ከአንድ ጋሪና ከሁለት ተሸካሚ ጋር ተጋጭተናል። እቴቴ ምክሯን አስቀድማ ሰጥታናለች። «እንዳታዩት። ስሙት።»

ነጋዴዋ ምጣዱን በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ በጣቷ አንጓ አንኳኳችው። ጥርት ያለ፣ የሚያስተጋባ ድምፅ ሰጠ። ቀጥሎ ያለውን እኔ ራሴ መታሁት። ድፍን አለ። «እሱን ተወው ወንድሜ፣ የማይታይ ስንጥቅ አለው» አለችኝ። የራሷን ዕቃ ስታጣጥል ስሰማ ዋጋ መከራከር አሳፈረኝ። የአክስቴ ልጅ ግን ምንም አላፈረችም። አሜሪካ ከረመች እንጂ መርካቶን አልረሳችም። ጎመን ዘርም እዚያው ገዛን።

60 ሳንቲሜትር የሚሆን ምጣድ ይዞ ሚኒባስ መግባት ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። ረዳቱ ገና ሲያየን «የሦስት ሰው ትከፍላላችሁ» አለ። ምጣዱ ሦስተኛው ሰው መሆኑ ነው። ከፈልን። ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። በየጉድጓዱ መኪናው በዘለለ ቁጥር ልቤ አብሮ ይዘላል። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት «ቀስ በል ሹፌር፣ ሸክላ አለ!» እያሉ እስከ ፒያሳ ታገሉልኝ።

ፒያሳ ላይ አንገቴን አውጥቼ አየሁ። የማውቃቸው ቤቶች የሉም። በ2016 ዓ.ም. ነው የፈረሱት። መንገዱ ሰፍቷል፣ አምሮበታል፣ እውነቱን ለመናገር። ከዚያ የተነሱት ሰዎች ግን እንደ እቴቴ ዓይነት ጉልቻ አሁን የት ይጎልቱ ይሆን? የግቢያችን ትልቅ ሰው እማማ ልጃቸው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ምጣድ ላሟሽ ብላ ጎረቤት ሁሉ «እሳት!» እያለ ደረጃ ሲወርድ እንደነበር ነግረውኛል። እየሳቁ ነው የነገሩኝ።

ግቢ ስንደርስ እቴቴ ምጣዱን እኛን ባላመነ ጣት ደግማ አንኳኳችው። ከዚያ ሦስቱ ጉልቻ ላይ አስቀመጠችና ከሥሩ ጭራሮ ለኮሰች። በጣም ትንሽ እሳት ነው። እኔ ልርዳ ብዬ አንድ ፍልጥ ባህር ዛፍ ጨመርኩ። እጄን መታችኝ።

«ልጄ፣ አዲስ ሸክላ ውስጡ እርጥበት አለ። ባንዴ እሳት ካየ ይፈነዳል። ቀስ ብሎ ነው የሚለምደው።»

ስለዚህ ተቀመጥን። የጥቅምት ጠዋት ብርድ አለው፣ ፀሐዩም ደስ ይላል። እማማ ኩርሲያቸውን ይዘው መጡ። ቡና ተፈላ። ወሬ ሲነሳ እማማ የአክስቴን ልጅ «እዚያስ ውጭ ታበስላላችሁ?» ብለው ጠየቋት።

«በበጋ እንዴታ፣ ጓሮ ውስጥ ነው። በተለይ ሸርጣን።»

እቴቴ ጭራሮውን ይዛ ቀረች። «ምን አልሽ?»

የአክስቴ ልጅ አንዴ ከጀመረች አታቆምም። የቼሳፒክ፣ የሜሪላንዱ ባሕረ ሰላጤ፣ ሸርጣን ከነሕይወቱ ነው የሚገዛው አለች። የሞተ ከሆነ ሥጋው ቶሎ ስለሚበላሽ ይጣላል። ድስቱ ሥር ውሃና ኮምጣጤ ይደረጋል። ከውሃው በላይ ወንፊት መሳይ ብረት ይቀመጣል። ሸርጣኖቹ እዚያ ላይ ይደረደራሉ፣ በየድርድሩ ቅመም ይነሰነሳል። ውሃው አይነካቸውም፣ እንፋሎቱ ነው የሚያበስላቸው። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ። ሰማያዊ የነበረው ብርቱካን መስሎ ሲቀላ ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ይነጠፋል፣ ሁሉም የእንጨት መዶሻ ይዞ ይቀመጣል።

«መዶሻ?» አሉ እማማ። «ምግብ ነው ወይስ ግንበኝነት?»

እቴቴ አልሳቀችም። «ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባህር ፍጥረት ዘሌዋውያን ላይ ምን ተብሎ ነው የተጻፈው? አንቺም ትበያለሽ?»

«ጎረቤቶቼ ናቸው የሚያበስሉት» አለች የአክስቴ ልጅ። ይህ መልስ እንዳልሆነ ከእኔ በቀር ያስተዋለ አልመሰለኝም። እኔም ልጅ ሆነን ወንዝ ዳር ሸርጣን በክር እያሰርን ስንጫወት ትዝ አለኝ። መብላት ግን ለማናችንም ታይቶን አያውቅም።

ጨዋታው ሲያልቅ ምጣዱ ግሏል። እቴቴ የቆላችውን ጎመን ዘር ሙቀጫ ውስጥ ወቀጠችና ጭብጥ አድርጋ ምጣዱ ላይ በተነችው። ማሰሻዋን አንስታ ታሽ ጀመር። ከመሀል ወደ ዳር፣ ከዳር ወደ መሀል። ዘሩ ዘይቱን አወጣ፣ ጭሱ ተነሳ። ምን ዓይነት ጭስ ነው! አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ ዓይን ያስለቅሳል። ልጆቹ እየሳሉ ሸሹ። እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና ታሻለች። ያረረውን ጠርጋ አነሳች፣ አዲስ በተነች፣ ደግማ አሸች። አራት ጊዜ። ደብዛዛ የነበረው ፊቱ በየዙሩ እየጠቆረ ሄደ። በመጨረሻ የኮክ ዛፉ ጥላ ሲያብረቀርቅበት አየሁ።

«ይሄ እኮ እኔ ቤት ያለው የብረት ምጣድ ነው!» አለች የአክስቴ ልጅ። እሷም የጓሮ ብረቷን እንዲሁ ነው የምታሟሸው። ዘይት በስሱ ቀብታ፣ አብዛኛውን መልሳ ጠርጋ፣ እስኪጨስ ታግለዋለች፣ ከዚያ ትደግማለች። ዘይቱ በሙቀት ይደርቅና እንደ ቀለም ይጋገርበታል። ዘይት ከበዛ ግን ሙጫ ሆኖ ይቀራል። እቴቴ ራሷን ነቀነቀች። «ይሄስ ያው ነው። ጎመን ዘርም ባንዴ አይከመርም።» ከሸርጣኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ።

ሊጡ አብሲት ገብቶበት ኩፍ ብሏል። እቴቴ ከዳር ጀምራ እያዞረች መሀል ላይ ጨረሰችና አከምባሎውን ከደነች። ሁላችንም ዝም አልን። አከምባሎው ሲነሳ ዓይኑ ፍንትው ብሏል። ሰፌዱን ከሥሩ ስታስገባ ግን መሀሉ ያዘ። ተቀደደ። ሁለተኛው ዳሩ ላይ ትንሽ ያዝ አደረገው። ሦስተኛው ራሱ ተንሸራቶ ሰፌድ ላይ ወጣ። እማማ እልል አሉ፣ ከልባቸው።

የተቀደደው የመጀመሪያው እንጀራ ለእኔ ተሰጠኝ። ሰው ሁሉ መቅመሻ ሲያደርገኝ «የምጣድ ማሟሻ አደረጋችሁኝ» ማለት ልማዴ ነው። ዛሬ በቁሙ ሆንኩት። ትንሽ ይመራል፣ ጎመን ጎመን ይላል። ትኩስ ነው፣ ሽሮም አለ። ጨርሼ ጨመርኩ።

ማታ የአክስቴ ልጅ የተረፈውን ጎመን ዘር በፌስታል ቋጥራ ሻንጣዋ ውስጥ ስትከት አየኋት። ለብረት ምጣዷ ነው። መብራት ሄዷል፣ ሻማ በርቷል። እቴቴ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ስትቆጥር የነበረውን መቁጠሪያ አቆመች።

«አንቺ» አለች ቀስ ብላ፣ «ያ ሸርጣን ያልሽው… ጣዕሙ ዓሣ ዓሣ ይላል?»

«ጣፈጥ ይላል» አለች ልጇ። ከዚያ ምን እንደተናገረች ገባትና ሻንጣውን ዘጋች።