ያገለገለ የማርሽ ዘንግ ስትገዙ ኳሷን እዩ

ባለፈው ክረምት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ ቤቴ፣ ሐረጎን ቁልቁል እየወረድኩ ነበር። ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ ልቀንስ የማርሹን ዘንግ ስገፋው እጄ ላይ ተልፈሰፈሰ። አራተኛው ወጥቷል፤ ሦስተኛው የለም። ፊቴ ጥምዝ፣ ከኋላዬ የጫነ ሲኖትራክ። ፍሬን ይዤ ዘንጉን ሳማስል ሳማስል ገባልኝ። ዳር ይዤ ስቆም ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል።

ዘንጉን ከገዛሁት ገና አምስተኛ ቀኑ ነው።

መኪናዬ ኬኢ70 ዲኤክስ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የኮሮላ ሞዴል። የሚነዳት የኋላ ጎማ ስለሆነ ዘንጉ በቀጥታ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ላይ ይሰካል። ለዚህ ነው ሾርት ሺፍተር፣ ማለትም የእጅን ጉዞ የሚያሳጥር የማርሽ ዘንግ፣ የሚያምርባት። እኔና ጓደኞቼ አጭር ማርሽ እንለዋለን። ቪትዝ ያላችሁ ብዙ ጊዜ ትጠይቁኛላችሁ። የእናንተ ማርሽ በካቮ ነው የሚሠራው፤ የኔ ዓይነቱ አይሆናችሁም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዘንጉ ኳስ አለው፤ በሷ ላይ ይወዛወዛል። ከኳሷ በላይ 30 ሳንቲሜትር፣ ከታች 5 ቢሆን፣ የታችኛው ጫፍ 1.5 እንዲሄድ እጃችሁ 9 መሄድ አለበት። የታችኛውን 6 ብታደርጉት ግን 7.5 ይበቃል። ቸክ ብሎ ይገባል። ባጠረው ልክ ደግሞ ይከብዳል። ጠዋት ደሴ ላይ ብርዱ የካምቢዮውን ዘይት ስለሚያወፍረው ሁለተኛው ማርሽ ይታገላል። ያችው መኪና ቀትር ላይ ኮምቦልቻ ስትደርስ ቅቤ ናት።

የገዛሁት በ4,500 ብር ነው። ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ተላከልኝ። ፎቶው ላይ ያየሁት እጀታውን ነው፤ አሉሚኒየም፣ ያብለጨልጫል። ሻጩ የታችኛውን ክፍል አላሳየኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሐረጎ ላይ በተልፈሰፈሰብኝ ማግስት ፈታሁት። የጎማ ሽፋኑን አንስቼ ክዳኑን ጫን አድርጌ ወደ ግራ ሳዞረው ዘንጉ ወጣ። ኳሷ በአንድ ጎኗ ተበልታለች፤ ጥፍሬን ስጎትትባት ጠርዙ ይይዘኛል። የተቀመጠችበት የፕላስቲክ ቡሽ ተሰንጥቋል። እንዳይላላ ብሎ አንድ ሰው የጎማ ቁራጭ ጠቅጥቆበታል። ሐረጎ ላይ ተንሸራቶ የወጣው እሱ ነው። በጣም የተናደድኩት እዚህ ላይ ነው። ያረጀ ዕቃ መሸጥ ነውር የለውም። ጎማ ጠቅጥቆ፣ ያንን ሳይናገሩ መሸጥ ግን በሰው ሕይወት መጫወት ነው።

ኮምቦልቻ አንድ ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው ሸምገል ያሉ ናቸው።

«ጋሼ፣ ይድናል?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አገላብጠው አዩት። «አብሽር የኔ ልጅ፣ ይድናል።»

ኳሷን በብየዳ ሞልተው ቶርኖው ላይ አከበቧት። ቡሹን ከናይለን ቀረጹልኝ። መጨረሻ ላይ ልኩን ያገኙት በጣታቸው ነው፤ ኳሷን ያስገባሉ፣ ያዞራሉ፣ ያወጣሉ፣ ትንሽ ይልጋሉ፣ እንደገና ያስገባሉ። 900 ብር ከፈልኩ። ግራሶ ቀብቼ ስመልሰው ያ ሁሉ ልቅነት ጠፋ።

ስምንት ወር ነዳሁበት። የሸጥኩት ለአባቴ ብዬ ነው። መኪናዋን እሱም ይነዳታል፤ ትከሻውን ያመዋል። የፋብሪካውን ዘንግ ስላልጣልኩት መለስኩት። እናንተም አትጣሉት።

ለሽያጭ ስለጥፈው መጀመሪያ ያደረግኩት የኳሷን ፎቶ ነው፤ ቀጥሎ የቡሹን። ኳሷ መበየዷንም ጻፍኩ። «እንዲህ ብለህ ማን ይገዛሃል?» አሉኝ ጓደኞቼ። በሁለት ቀን ሦስት ሰው ደወለ። የእጀታውን ጥርስ ልክም ጨመርኩ፣ ብዙ ሰው እሱን ስለማያይ። ውፍረቱና የጥርሱ ርቀት በሚሊሜትር ሲለካ፣ ብዙ ቶዮታ 12 በ1.25 ነው፤ ሆንዳ 10 በ1.5፣ ኒሳን 10 በ1.25። ካልገጠመ አታስገድዱት፤ ጥርሱ ይበላል።

የገዛኝ የደሴ ልጅ ነው፣ የሆጤ ሰፈር። ቧንቧ ውሃ ተገናኘን። በ3,500 ተስማማን። ብሩን ከመቁጠሩ በፊት ዘንጉን ገልብጦ ኳሷን በጥፍሩ ዳሰሳት። ደስ አለኝ።

«ወንድሜ፣ ጠዋት ላይ ሁለተኛውን እንዳታስገድደው» አልኩት።

በማግስቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደወለ። «ኧረ እምቢ አለኝ!»

«ስንት ነዳህ?»

«ገና ከግቢ መውጣቴ ነው።»

«ቀስ ብለህ ንዳት፤ ዘይቱ ይሙቅ።»

ፒያሳ ደርሶ ሲያቆም መልሶ ደወለ። «ገባ» አለኝ።