ስድስት ጎራሽ

ትናንት ደክሞኝ ሽጉጡ ሳይወለወል አደረ። ዛሬ ማለዳ ቤቱ ሁሉ ተኝቶ ሳለ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አሮጌ ፎጣ ዘርግቼ፣ ቡናዬን ከጎኔ አድርጌ ተቀመጥኩ። ቨርጂኒያ ዳምኗል። እኔም ከመኝታዬ የተነሣሁት አንድ ነገር ከብዶኝ ነው።

ሽጉጤ ዌብሊ የሚባለው የእንግሊዝ ሥሪት ነው። በርሚንግሃም የተሠራ፣ ማርክ ስድስት የተባለው ዓይነት፤ በጎኑ 1917 የሚል ዓመት ተመትቶበታል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር የታጠቀው ይህንን ነው። አሜሪካ ከገቡት ብዙዎቹ የአሜሪካኑን 45 የተባለ ጥይት እንዲቀበሉ ጥይት የሚይዘው ተሽከርካሪ ክፍላቸው ከኋላው ተሞርዷል፤ ያ ጥይት ግን በሙሉ ኃይሉ ሲተኮስ ለዚህ አሮጌ ብረት ይከብደዋል። ምን አለ በተፈጥሮው ቢተዉት! የእኔን ሞረድ አልነካውም። የሚጎርሰው የራሱን 455 የተባለ ጥይት ነው፤ የምገዛለትም ከጣሊያን፣ ከፊዮኪ ፋብሪካ የሚመጣውን። አያቴ በጣሊያን ጥይት ጭኑን የቆሰለ አርበኛ ነበር። ፓኮውን በከፈትኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ቢሆንም እገዛለሁ።

ትናንት የእህቴን ልጅ ኢላማ ተኩስ ይዤው ሄድኩ። «አሁን አጉርሰው» ስለው ጥይቱን በእጁ እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ። እዚህ የተወለደ ልጅ ነው፤ አማርኛውን ያገኘው ከእናቱ ገበታ ነው። «ማጉረስ ለምግብ አይደለም እንዴ?» አለኝ። «ለመሣሪያም ይባላል» ብዬ አለፍኩት።

ተኮሰ። አረሩ 17 ግራም ያህል ይመዝናል፣ አካሄዱም ቀርፋፋ ነው፤ እጅን በጥፊ አይመታም፣ ገፋ ያደርጋል እንጂ። ስድስቱን ሲጨርስ መክፈቻውን በአውራ ጣቱ ገፍቶ አፈሙዙን ወደ ታች አጠፈው። ሽጉጡ ከመሃሉ ተከፈተ፤ ኮከብ የመሰለችው ብረት ብቅ ብላ ስድስቱንም ቀለህ በአንድ ጊዜ ተፋች። ቀለሆቹ ሲሚንቶው ላይ ሲንጫጩ ልጁ እንደ ሕፃን ሳቀ። ያ ሳቅ ነው አፌን ያስከፈተኝ። «ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላህ ያንተ ነው» አልኩት። አንድ ወር ቀርቶታል።

ሌሊቱን ሙሉ ያ ቃል አልለቅ አለኝ። ጥይት እናጎርሳለን። እንግዳ እናጎርሳለን፣ ሙሽራ እናጎርሳለን። ጎራሽ፣ ጉርሻ፣ አጉራሽ። ልጁ ባይጠይቀኝ ኖሮ ዕድሜ ልኬን ስናገረው አላስተውለውም ነበር።

ሽጉጥ የጎረሱ ንጉሥም አሉን። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ማግስት፣ መቅደላ። አፄ ቴዎድሮስ የጎረሱት ሽጉጥ የንግሥት ቪክቶሪያ ስጦታ ነበር፤ ቆንስሉ ካሜሮን ነው ያመጣላቸው። ለቀድሞው ቆንስል ለፕላውደን ስላደረጉት ደግነት የምስጋና ቃል ተቀርጾበት ነበር። እሳቸውም ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልሱ ዘገየ፤ ቆንስሉን አሰሩ፤ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦሩን ይዞ መጣ። ስጦታውም ጦሩም የመጣው ከአንዲት ንግሥት ነው።

ትምህርት ቤት የተማርነው ጀግንነታቸውን ነው፤ ዛሬም ሲነሣ ደረቴ ይሞላል። አሁን ግን የያዘኝ የስጦታው ቀን ነው። ሽጉጡን ተቀብለው በእጃቸው ሲመዝኑት ምን ተሰማቸው? መሣሪያ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ደስ ብሏቸው ይሆናል፣ ልክ እንደ ልጁ።

የእጀታው ጥቁር ጎማ በግራ በኩል፣ አውራ ጣት በሚያርፍበት ቦታ፣ ቅርጹ ተፍቆ ለስልሷል። ያለሰለሰው የእኔ ጣት አይደለም፤ እኔ ስገዛውም እንዲሁ ነበር። በዚህ ብረት ምን እንደተደረገ ሳላውቅ ነው ለእህቴ ልጅ የማጎርሰው።

ከስድስቱ ቀዳዳዎች አራቱን ወልውያለሁ። ቡናው ቀዝቅዟል። ማታ ልጁ የሁለት ባለ ቁልፍ ሣጥኖች ፎቶ ልኮልኝ ነበር፤ «የትኛው ይሻለዋል?» ይላል። እስካሁን አልመለስኩለትም። ምን ብዬ ልመልስለት?