የባናዌ ካብ

የፊሊፒንስ 20 ፔሶ ኖት ጀርባ ላይ የሩዝ እርከን ሥዕል አለ። ዱባይ አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬ አንዱን ኖት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትይዛለች። አገርሽ የት ነው ሲሏት እሱን አውጥታ ታሳያለች። አገሯ ባናዌ ነው። በሉዞን ደሴት ሰሜን፣ ኮርዲሌራ በሚባሉት ተራሮች መሀል ያለች፣ የኢፉጋኦ ግዛት ወረዳ ናት። ዘንድሮ የዓመት ፈቃዳችን ገጠመና ይዛኝ ሄደች። ከተመለስን ወዲህ ያየሁት ነገር ከሐሳቤ አልወጣ ስላለኝ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ከማኒላ ባናዌ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውቶቡሱ ማታ ይነሳል፣ ጠዋት ያደርሳል። ከተማዋ ገና ስትገቡ ብዙም ዓይን አትስብም። ቆርቆሮ ክዳን፣ ገደል ጫፍ ላይ የቆመ የብሎኬት ቤት፣ የእንጨት ቅርጻ ቅርጽ የሚሸጥበት ሱቅ። ከዚያ ዳገቱን ወጣ ብላችሁ ዞር ስትሉ ተራራው ሁሉ እርከን ነው። ከወንዙ ዳር ጀምሮ ጫካው እስኪጀምር ድረስ አንድም ያልተነካ ቁልቁለት አይታይም።

መመልከቻው ላይ የባህል ልብስ የለበሱ፣ ላባ የሰኩ አዛውንቶች ተቀምጠዋል። አብሯቸው ፎቶ ከሚነሳ ሰው ጥቂት ሳንቲም ይቀበላሉ። ጓደኛዬ ከመሀላቸው አንዷን እናት ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸው። በጊዜያቸው እሳቸውን የሚያህል ሩዝ ተካይ አልነበረም አለችኝ። አሁን ወገባቸው እምቢ ብሏል። እዚያ ተቀምጠው ከሚያሳዩት ማሳ ውስጥ ስንቱን በእጃቸው ተክለውት ይሆን እያልኩ ትንሽ ቆምኩ።

ኖቱ ላይ ያለው ይኸው ዝነኛ እይታ በዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ አልገባም። በመሀሉ ዘመናዊ ቤት ስለበዛበት ነው ይባላል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1995 የመዘገባቸው አምስት ቦታዎች ናቸው። ከነሱ ሁለቱ፣ ባታድና ባንጋአን፣ በባናዌ ወረዳ ውስጥ ይገኛሉ። ሦስቱ በማዮያዎ፣ በሁንግዱአንና በኪያንጋን ናቸው። እኔ ግን የብሎኬት ቤት የሠራውን ሰው መውቀስ አልችልም። ልጁ ዝናብ ሳይመታው እንዲያድግለት ነው የሠራው።

የጓደኛዬ ቤተሰቦች መንደር ከባታድ ብዙም አይርቅም። እዚያ የሚኬደው በእግር ነው። መንገዱ ራሱ የካቡ ጫፍ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስኬድም። በአንድ ወገን ውሃ የተኛበት ማሳ፣ በሌላው ወገን ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ካብ ቁልቁል። እናቷን እማማ ነበር የምላቸው። ነዶ ተሸክመው እንደ ደልዳላ መንገድ ይሄዱበታል።

የደረስነው በአጨዳ ሰሞን ነው። ቲናዎን የሚሉት የአገሩ ሩዝ በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚደርሰው። በኅዳርና በታኅሣሥ መደብ ላይ ይዘራል፣ ጥርና የካቲት ችግኙ ይተከላል፣ ሰኔና ሐምሌ ይታጨዳል። ታች ሜዳው ላይ የሚዘራው ምርጥ ዘር በዓመት ሁለቴም ሦስቴም ይሰጣል። እዚህ ላይ ግን ብርዱን የሚችለው ይኸው የጥንቱ ዘር ነው። ማጭድ አላየሁም። ሴቶቹ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ስለት ይዘው ዛላውን በእጅ በእጅ ይቆርጡታል። እፍኝ ሲሞላ ያስሩታል። የታሰረው ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ከደረቀ በኋላ ጎተራ ይገባል፣ ሲፈለግ በሙቀጫ ይወቀጣል።

ጎተራውም ቤቱም አራት ምሰሶ ላይ የቆመ ሣር ክዳን ነው። በየምሰሶው አንገት ላይ ክብ እንጨት ገብቶበታል፤ አይጥ ወደ ላይ እንዳትወጣ። ቡሉል የሚባል ከእንጨት የተጠረበ ምስልም አለ፤ ሩዙን ይጠብቃል ብለው ያምናሉ። የኮንሶው ዋካ ትዝ አለኝ። ዋካ ለሞተ ጀግና ነው የሚቆመው፣ ሥራቸው አይገናኝም። ዕጣቸው ግን አንድ ሆኗል። ከሁለቱም ብዙው ተሰርቆና ተሸጦ ባሕር ማዶ በሰብሳቢዎች እጅ ገብቷል። በዚህ አሁንም እናደዳለሁ።

አንድ ሌሊት ዝናቡ ሲወርድ አደረ። ሲነጋ የጎረቤት ማሳ ካብ ተንዶ አገኘነው። ስፋቱ የአንድ ክፍል ያህላል፤ ጭቃው ታች ያለውን ማሳ ሸፍኖታል። ለማንም ሲነገር አልሰማሁም፤ ሰዉ ግን ተሰበሰበ። ወንዶቹ መጀመሪያ ውሃውን ከላይ ቦዩ ላይ ጠለፉት። ከዚያ የወደቀውን ድንጋይ በመጠን በመጠኑ ለዩት። ትልልቁ ከታች ገባ፣ ከጀርባው ጠጠር ተሞላ፣ ከዚያ ደግሞ የሚያጣብቅ ጭቃ በእግር ተረገጠ። አንድ ሽማግሌ ድንጋዩን ከማስቀመጣቸው በፊት እጃቸው ላይ ያገላብጡታል። ፊቱን ያገኙለታል። አንዴ ካስቀመጡት አይነሳም። ሲሚንቶ የለም፤ ውሃ በካቡ መሀል ቀስ ብሎ መውጫ ማግኘት አለበት፣ ካልሆነ ገፍቶ ይጥለዋል። ሴቶቹ በዚህ መሀል የቆመውን ካብ አረም ይነቅላሉ። የነቀሉትን እዚያው ጭቃ ውስጥ ይቀብሩታል፤ ማዳበሪያ ነው።

ይህን የመረዳዳት ሥራ ኡቡ ይሉታል፤ የኛው ወንፈል ማለት ነው። ዛሬ ለአንተ፣ ነገ ለእኔ።

እማማን "ይህን ካብ ማን ነው የሠራው?" ብዬ በልጃቸው በኩል ጠየቅኋቸው። እሳቸውም "የባለቤቴ አያቶች፣ ከነሱም በፊት የነበሩት" አሉኝ። ቀጠሉና በእጃቸው ነካ ነካ እያደረጉ አሳዩኝ። "ይቺን ግን ባለቤቴ ነው ያስገባት፣ ይቺ ልጄ በተወለደች ዓመት። ያቺኛዋን ወንድ ልጄ።" እሳቸው ያሳዩኝን ድንጋይ እኔ ብቻዬን ብሆን ከሌላው ለይቼ አላየውም ነበር።

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። እርከን ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። አባቴ በደርግ ጊዜ በምግብ ለሥራ እርከን ሠርቷል። በሜትር እየተለካ፣ ስንዴና ዘይት እየተሰፈረለት። እሱና ጎረቤቶቹ የሠሩት ተራራ ከሩቅ ሲታይ ያምር ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን ብዙው ፈረሰ። ድንጋዩ ለአጥር ሄደ፣ የተተከለው ዛፍ ለማገዶ ተቆረጠ። አባቴ ስለዚያ ሲያወራ "የመንግሥት እርከን" ነበር የሚለው። ያን ጊዜ ሰው ለምን የገዛ ሥራውን ያፈርሳል እያልኩ አዝን ነበር። ባናዌ ላይ ቆሜ ነገሩ ተገለጠልኝ። አባቴ የሠራውን ካብ የኔ ነው ብሎ አያውቅም። ነገ ማን እንደሚያርስበትም አያውቅም ነበር።

ኢፉጋኦ ላይ ግን ከማሳው በላይ ያለው ጫካ እንኳ ባለቤት አለው። ሙዮንግ ይሉታል። እያንዳንዱ ሙዮንግ የአንድ ቤተሰብ ወይም የአንድ ዘር ነው። ማገዶውም የቤት እንጨቱም ከዚያ ይወጣል፤ ግን ልክ አለው። ጫካው ከተመነጠረ ምንጩ ይደርቃል፣ ምንጩ ከደረቀ ከታች ያለው ማሳ ሁሉ ያበቃለታል። ውሃው ከላይኛው ማሳ ወደ ታችኛው ነው የሚወርደው። ስለዚህ የላይኛው ሰው ግዴለሽ ከሆነ የታችኛው ይራባል፤ የታችኛው ካቡን ካልጠበቀ የላይኛው ይናድበታል። ጎረቤት ለጎረቤት እንዲህ ሲተሳሰር ቁጥጥር የሚያደርግ ካድሬ አያስፈልግም።

ውርሱም ከኛ ይለያል። በኛ የድሮ ርስት ልጅ ሁሉ ድርሻ አለው፤ መሬቱ ሲከፋፈል ሲከፋፈል በሬ ማዞሪያ ያጣል። እነሱ ጋ ዋናውን ማሳና ሙዮንጉን የሚወርሰው የበኩር ልጅ ነው። ሴትም ብትሆን። ለታናናሾቹ ይከብዳል፣ ፍትሐዊ ነው ብዬ አልከራከርም። ማሳው ግን ሳይቆራረጥ ቆይቷል።

ስለ እርከኑ ዕድሜ ክርክር አለ። ለብዙ ዘመን ሁለት ሺህ ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይባል ነበር። ይህን ግምት ያስፋፉት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እዚያ ያጠኑት ኦትሊ ቤየርና ሮይ ባርተን ናቸው። በቅርቡ ስቲቨን አካባዶ የተባሉት አርኪዮሎጂስት ከአካባቢው ሰዎች ጋር ቆፍረው ያገኙት ግን ሌላ ነው። የሩዝ እርከኑ የተስፋፋው ከ400 ዓመት ገደማ ወዲህ፣ ስፔኖች ታች ያለውን ሸለቆ ሲይዙ ሰው ወደ ተራራው ሸሽቶ ነው ይላሉ። ከዚያ በፊት የሚተከለው ጎደሬ ነበር። ዕድሜው ቀነሰብን ብለው ቅር የተሰኙ አሉ፤ ጓደኛዬም አልወደደችውም። ለእኔ ግን ይኼኛው ይበልጣል። ሰው አገሩን ተነጥቆ ገደል ላይ ወጥቶ፣ በጥቂት ትውልድ ውስጥ ያን ሁሉ ተራራ እርሻ ካደረገ፣ ከዚህ በላይ ምን ክብር አለ? ስፔኖችም ቢሆኑ ኢፉጋኦን ደህና አድርገው ሳይገዙ ነው የሄዱት። ኮንሶዎችም የእርከናቸውን ዕድሜ በ21 ትውልድ ነው የሚቆጥሩት፣ ከ400 ዓመት በላይ መሆኑ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 መዝግቦላቸዋል። የማይተዋወቁ ሁለት ሕዝቦች በተቀራራቢ ዘመን ድንጋይ ሲክቡ ይታየኛል።

ጎብኚዎች የሚሉትን ብዙ ሰማሁ። "ወጣቱ ለምን ጥሎ ይሄዳል? ይህን የመሰለ ቅርስ እያለው!" ይህን ሲሉ ደሜ ይፈላል። ቲናዎን የብዙ ቤተሰብን ጎተራ ዓመቱን ሙሉ አያደርስም። ቀሪውን ወር ስኳር ድንችና ከቆላ የሚገዛ ሩዝ ነው የሚሞላው። ለሱ ደግሞ ብር ያስፈልጋል። በዚያ ላይ የመሬት ትሉ ካቡን እየበሳ ውሃውን ያስፈስሳል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለምግብ ተብሎ የገባው ወርቃማ ቀንድ አውጣ ለጋውን ችግኝ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ1990 የደረሰው ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ የምንጮችን መንገድ እንዳበላሸ ይነገራል። ካቡ ሲናድ የሚክብ እጅ ጠፋ፣ ማሳ ጦም አደረ። እ.ኤ.አ. በ2001 ዩኔስኮ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መሀል ከተተው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከዚያ ዝርዝር ወጣ፤ ብዙ ካብ ታድሶ፣ ውሃው ተመልሶ። ደስ ይላል። ግን ሰው አሁንም እየወጣ ነው። እኔም ከወሎ የወጣሁት የሚበላ ፍለጋ ነው። ለኔ ፎቶ ሲል ማንም ጭቃ ውስጥ ተጎንብሶ እንዲቀር አልፈልግም።

ሁድሁድ የሚባል ረጅም ዜማ አላቸው። ሲያጭዱም፣ ለቅሶ ላይም ሴቶች ናቸው የሚያዜሙት። አንዲት እናት ትመራለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ከ200 በላይ ታሪክ አለው ይባላል፤ አንዱ ብቻ ተዜሞ እስኪያልቅ ቀናት ይፈጃል። እማማ እያጨዱ በለሆሳስ ይጀምሩታል። ልጃቸው ተቀባዩን ታውቃለች፣ መሪውን አታውቅም። በስልኬ ልቅዳልሽ ስላት እናቷን አስፈቀደች። እሳቸውም "ቅጂው፤ ግን እሷም አብራኝ ታጭድ፣ ካላጨደች አይገባትም" አሉ።

ጓደኛዬ የበኩር ልጅ ናት። ማሳው የሷ ነው የሚሆነው። አሁን የሚያርሰው ታናሽ ወንድሟ ነው፣ ካብ ሲናድ ግን የሠራተኛውን ምሳና መጠጥ የምትችለው እሷ ናት፣ ከዱባይ ደሞዟ። ይህን አላውቅም ነበር። በየወሩ ብር ስትልክ ለእናቷ መድኃኒት ነው ብዬ ነበር የማስበው። ተመልሳ ትገባ እንደሆነ ጠየቅኋት። "ልጆቼ ትምህርት ሲጨርሱ" አለች። ከዚያ ደግሞ "ወንድሜ ካልሰለቸ" አለች።

ለተከላው በጥር መሄድ ትፈልጋለች። ጥር ሥራ የሚበዛበት ጊዜ ስለሆነ ፈቃድ ይከለክሉኛል ብላ ፈርታለች። የኔ ተራ ጥር ላይ ከወደቀ እቀይርሻለሁ ብያታለሁ። ማመልከቻውን ትናንት አብረን ሞላነው።