የራሰ ወረቀት

ሐምሌ ሲጋመስ ሁሌም እንዲህ ያደርገኛል። ከጠዋት ጀምሮ ሆዴ ባር ባር ይላል። ለምን ብባል መልስ የለኝም። ሰማዩ ሦስት ቀን አልገለጠም። ያጠብኩት ልብስ አልደርቅ ብሎ ቤቱ ሁሉ እርጥብ እርጥብ ይሸታል።

ከሥራ ስወጣም ስሜቱ አብሮኝ ወጣ። ታናሼ ጋ ልሄድ ነበር ያሰብኩት፤ አራስ ናት፣ ታውቃላችሁ። አራት ኪሎ ጎራ ብዬ ሁለት ኪሎ ብርቱካንና ዐሥር እንቁላል ገዛሁ። ልጁ ብርቱካኑን በወረቀት ከረጢት ከተተልኝ። እንቁላሉን በጋዜጣ ጠቅልሎ ከላይ አስቀመጠው። «እናት፣ ፌስታል ቀርቷል» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። የከረጢቱንም ከፈልኩ። ከረጢቱ ቡናማ ነው። ፊቱ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ታትሞበታል፤ ከቅጠሉ ሥር ምድርን ስለመውደድ የሚያወራ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ። ደስ ብሎኝ ነው የያዝኩት። እውነቴን ነው።

ከሱቁ እስከ ታክሲው ሰልፍ ያለው መንገድ አጭር ነው። ዝናቡ መሃል ላይ ያዘኝ። መጀመሪያ ማንጠልጠያው ለቀቀ። ሙጫ ነበር ያያዘው። ከሥር በእጄ ደገፍኩት። መዳፌ ላይ ሲላሽቅ ይታወቀኛል። ከዚያ ሥሩ ተዘረገፈ። ብርቱካኖቹ በሰፊው የእግረኛ መንገድ ቁልቁል ተንከባለሉ። እንቁላሉን ምን ልበላችሁ። አራቱ ተርፈዋል።

አንድ ሊስትሮ ልጅ ሥራውን ጥሎ ሮጠ። ብርቱካኖቹን ከመኪና ጎማ ሥር ሳይቀር ለቅሞ አመጣልኝ። ከሳጥኑ ውስጥ ብሩሾቹን የሚጠቀልልበትን ጥቁር ኩርቱ ፌስታል አወጣ። አራገፈውና «በዚህ ያዢው» አለኝ። ስቀበለው ግራ ቀኝ አየሁ። የዚህ ልጅ ደግነት የተከለከለ ዕቃ ሆኖ ተሰማኝ። ጃኬቴ ሥር ሸጉጬ ሄድኩ። ፌስታሉ ግን አንዲት ጠብታ ውኃ አላስገባም።

ታክሲ ውስጥ ሆኜ ይኼው ነገር አልለቀኝ አለ።

ክልከላውን እደግፈዋለሁ። ይኼን መጀመሪያ ልበል። ግንፍሌ ወንዝ ዳር ስላደግኩ ውኃ ሲሞላ ድልድዩ ሥር ምን እንደሚጠራቀም አውቃለሁ። አንድ ፋሲካ የገዛነው በግ ጨጓራው ሲከፈት ውስጡ የተጠቀለለ ፌስታል ተገኘ። ያን ቀን ሥጋው አልበላ አለኝ። ቆሼንም አልረሳም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ ከዚያ ተራራ የእኔም ድርሻ አለበት ብዬ አልቅሻለሁ። ቆሻሻችን «ይጣላል» ስንል የሚሄደው ሰው ቤት በላይ ነበር።

ሕጉም አዲስ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳውን የማይበሰብስ ፌስታል ያን ጊዜ ከልክሎ ነበር። እኛ ግን ያንኑ ስስ ፌስታል ስንይዝ ኖርን። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ነው ነገሩን ያጠበቀው። አሁን ይዞ መገኘትም ያስቀጣል። ይሁን። የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። ፌስታሉን የሚተካውን ዕቃ የሚሠራው ሰው የእኛን አገበያየት አይቶት ያውቃል?

እኛ መኪና ኋላ ጭነን አይደለም የምንገበየው። በእግር ነው፤ በታክሲ ሰልፍ ነው፤ በክረምት ጭቃ ነው። ሩብ ኪሎ ሽሮ፣ ግማሽ ሊትር ዘይት፣ ከሉካንዳ ደሙ ያልደረቀ ሥጋ፣ ትኩስ እንጀራ። የምንይዘው ነገር አብዛኛው ወይ እርጥብ ነው፣ ወይ ቅባት አለው፣ ወይ ይተናል። የወረቀት ከረጢት የሚስማማው ለደረቅ ነገርና ለደረቅ አየር ነው። የእኛ ዓመት ውስጥ ደግሞ ክረምት አለ።

እንጀራን ብቻ ውሰዱ። ፌስታል ውስጥ ሲገባ ያልበዋል። ላቡ ተመልሶ እላዩ ላይ ይወርዳል፤ በሦስተኛው ቀን ይሻግታል። ወረቀት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ወረቀቱ እርጥበቱን ይመጠዋል፤ ማታ ጫፉ እንደ ድርቆሽ ይሰበራል። እንጀራ የሚፈልገው የሚያስተነፍሰው፣ ግን የማያደርቀው ነገር ነው። እንጀራ የምትሸጥልን ሴትዮ ይኼን ከማንም በላይ ታውቃለች። «አስር እንጀራ በወረቀት ስሰጥ ዓይኔን ጨፍኜ ነው» ብላኛለች። እሷን ማን ጠየቃት?

አሁን ደግሞ በየሱቁ ጨርቅ የሚመስለው ባለ ማንጠልጠያ ከረጢት ተለምዷል። እኔም ወጥ ቤት በር ጀርባ ዐሥራ አራት ተንጠልጥሎልኛል፤ ዛሬ ቆጠርኩት። ጨርቅ ግን አይደለም። ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ማዳበሪያ ብለን የምንጠራው ጆንያም ከዚሁ ነው የሚሠራው። ክሩ በሙቀት ተጣብቆ ነው ጨርቅ የመሰለው። ፀሐይ ላይ ብዙ ሲቆይ እንደ ዱቄት ይፈረፈራል። ከእጄ ላይ ብን ብሎ ሲወድቅ አይቻለሁ። ያ ዱቄት የት እንደሚሄድ ማሰብ ያስፈራኛል። ደጋግሞ ለሚይዘው ጥሩ ዕቃ ነው። ዐሥራ አራት ለምታከማች ለእኔ ግን ወፍራም ፌስታል ነው።

ቢሮ አጠገብ ያለው ቡና ቤትም «ይበሰብሳል» የተባለ ግልጽ ብርጭቆ አምጥቷል። ከበቆሎ ስታርች የሚሠራ ዓይነት ነው። መበስበሱ እውነት ነው፤ ግን 60 ዲግሪ ገደማ የሚደርስ ሙቀት ያለው ማብላያ ጣቢያ ይፈልጋል። ከመስኮቱ ውጭ አስራ ስድስት ዲግሪ ነው። እዚህ ቦይ ውስጥ ቢጣል እንደማንኛውም ፕላስቲክ ተጋድሞ ይከርማል። «ይበሰብሳል» የሚለው ቃል የት እንደሚበሰብስ አይናገርም። ይኼ ያናድደኛል። ደግ አስቦ የገዛን ሰው ማታለል ይመስለኛል።

ማታ ትንሽ ሳነብ ያገኘሁት ነገር አለ። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ የወረቀት ከረጢት አየሩን በማሞቅ ረገድ አንድ ጊዜ ተይዞ ከሚጣል ፌስታል እንዲሻል ቢያንስ 3 ጊዜ መያዝ አለበት። የጥጥ ከረጢት ደግሞ 131 ጊዜ። የእኔው ከአራት ኪሎ ታክሲ ሰልፉ ጋ አልደረሰም።

ሌላም አለ። ባለ ሁለት ጆሮውን ፌስታል የፈለሰፈው ስቴን ጉስታፍ ቱሊን የሚባል ስዊድናዊ መሐንዲስ ነው፤ የባለቤትነት መብቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ሰውየው ያሰበው ዛፍ ለማትረፍ ነበር። በዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ በወረቀት ከረጢት ይገበይ ስለነበር ደን እየተጨፈጨፈ ነው ተብሎ ይፈራ ነበር። የቱሊን ልጅ እንደተናገረው አባቱ ራሱ አንዱን ፌስታል አጥፎ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር። ደጋግሞ ሊይዝበት። አንድ ጊዜ ይዞ መጣል እንግዳ ነገር ነው የሚሆንበት ብሏል።

ይኼን ሳነብ እማዬ ትዝ አለችኝ። እማዬ ስለ ቱሊን የሰማችው ነገር የለም። ግን ፌስታል ታጥብ ነበር። በሳሙና አጥባ፣ ገልብጣ፣ ከልብሱ ጋር ገመድ ላይ ታሰጣለች። ሲደርቅ በሦስት ማዕዘን አጥፋ ፍራሽ ሥር ታስቀምጣለች። ጓደኞቼ ቤት ሲመጡ ገመዱ ላይ የተሰጣውን ፌስታል እንዳያዩብኝ ሮጬ አወርደው ነበር። ድህነት ይመስለኝ ነበር። እሷ ግን ዕቃውን ሠሪው እንዳሰበው ነበር የምትይዘው። ለዘመድ በፌስታል ቆሎ ብትልክ «ፌስታሉን መልሱልኝ» ትል ነበር። ዕቃ ነበራ።

ቁራሌው በየበሩ እየዞረ ጠርሙስና ቆርቆሮ ሲገዛን፣ የወሰደው ዕቃ ምናለሽ ተራ ደርሶ የከሰል ምድጃ ሆኖ ሲመለስ ኖረናል። በዚህ ከተማ ዕቃ ቶሎ አይሞትም ነበር። ታዲያ ቅጠል የታተመበት ከረጢት ይኼን ልማድ ለእኛ እንደ አዲስ ሊያስተምረን የሚነሳው ለምንድን ነው? ወይስ ረስተነዋል?

ሳስበው ሳስበው ተነስቼ ወንበር ላይ ወጣሁ። ቁም ሳጥኑ ላይ የእማዬ አገልግል አለ። እማዬ ካረፈች ወዲህ ያወረደው የለም። አቧራውን ጠረግኩት። ከስንደዶ የተሰፋ ነው፤ ከውጭ የፍየል ቆዳ ለብሷል። ቆዳው ዝናብ አያስገባም። ስፌቱ ትንፋሽ ይሰጣል። ክዳኑ ግጥም ብሎ ይገጥማል፤ ጠፍሩ ትከሻ ላይ ይውላል። እርጥቡን ይዞ እርጥብ ያቆያል፣ ግን አያሻግትም። ለእንጀራ የሚያስፈልገው ሁሉ አንድ ዕቃ ውስጥ ተሟልቷል። ማን እንደሰፋው አላውቅም። እማዬ ከእናቷ ነው ያገኘችው።

ለቁልቢ ገብርኤል ስንሄድ ይኼንን ነበር የምንይዘው። ታኅሣሥ ጾም ስለሆነ ድርቆሽ ፍርፍር በዘይት ታሽቶ ይገባበታል። አውቶቡሱ ውስጥ እግሬ መሃል አድርጌው እተኛ ነበር። አዋሽ ስንደርስ ሲከፈት የሚወጣው ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ ነው። ዛሬ ከፈትኩት። ባዶ ነው። ያ የቅመምና የቆዳ ሽታ ግን አልለቀቀም።

ይኼን ተሸክሜ አራት ኪሎ ልወርድ እችላለሁ ወይ ብዬ አሰብኩ። ብርቱካን ይይዛል። እንቁላል ይይዛል። ከባድ ነው፤ ታክሲ ውስጥ ቦታ ይፈጃል። ዛሬ አዲስ ልግዛ ብል ደግሞ ዋጋው የቱሪስት ነው። ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ከዚህ ተነስቶ ቢያስብስ? ትንሽ፣ ቀላል፣ ታጣፊ፣ ከውጭ ውኃ የማያስገባ፣ ከውስጥ የሚተነፍስ። እንጀራ የምትሸጠዋን ሴትዮ ጠይቆ፣ ሊስትሮውን ልጅ ጠይቆ፣ በሐምሌ ዝናብ ፈትኖ።

ወደ ቦታው ልመልሰው ስል ጠፍሩን ያዝኩ። አንዱ ጎን ቆዳ ነው፤ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሌላው ጎን ለስለስ አለኝ። መብራት ጋ አምጥቼ አየሁት። ፌስታል ነው። ጥቁር ፌስታል። ጠፍሩ በተበጠሰ ጊዜ መሆን አለበት፣ ለሦስት ተርትራ እንደ ሹሩባ ጎንጉና ተክታዋለች። ጫፉን በመርፌ ሰፍታዋለች። በሁለት እጄ ያዝኩና ሳብኩት። ንቅንቅ አላለም።

ነገ ቆዳ ሠሪ ጋ ወስጄ ጠፍሩን ላስቀይረው? ወይስ እሷ እንደጎነጎነችው ይቅር?