ደረሰኝ የሌለው ባጃጅ

ላስተምር የሄድኩት ስለ ደረሰኝ ነው። ወላይታ ሶዶ በገባሁ በአምስተኛው ደቂቃ ያለ ደረሰኝ ተበላሁ።

ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በሆሳዕና አድርገን ነው የመጣነው። ስለ መንገዱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ተኝቼ ነበር። መናኸሪያ ስወርድ መሽቷል። ባለ ባጃጁ 200 ብር አለኝ። ሻንጣ ይዤ ምን ልከራከር? ከፈልኩ። የሆቴሏ ልጅ ስትሰማ ሳቋ አመለጣት። "ጋሼ፣ መናኸሪያው እኮ ከጀርባችን ነው!" ለካ ዙሪያውን ሲያዞረኝ ነበር።

ሌሊቱም አልተሻለም። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ መስኮቴ ሥር ያጓራል። እሱ ዝም ሲል ውሾቹ ተረከቡ። ቤቴ አስፋልት ዳር ስለሆነ ጫጫታ አይበግረኝም ብዬ እፎክር ነበር። ውሸቴን ነው።

ጠዋት ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ወደ ሁምቦ ወረድን። የሁምቦን ተራራ ታሪክ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። 2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት ከከብትና ከመጥረቢያ ተከለለ። ዋናው ሥራ ችግኝ መትከል ሳይሆን አፈር ውስጥ በሕይወት የቀረው ጉቶ እንዲያቆጠቁጥ መርዳት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ፕሮጀክቱ በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ንግድ ሥርዓት ተመዘገበ። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ለዓለም ባንክ ፈንድ ካርቦን ሸጡ፤ ማለትም ዛፎቹ ከአየር ስበው ላስቀሩት ካርቦን ገንዘብ ተከፈላቸው።

እኔ የሄድኩት ግን ያንን አይተው የራሳቸውን ገደል የከለሉ ጎረቤታሞች ዘንድ ነው። ከአንድ ለጋሽ አነስተኛ ድጋፍ አግኝተዋል። ሁለተኛው ዙር ክፍያ ደረሰኝ ጎደለ ተብሎ ታግዷል። "አቅም ግንባታ" የሚባለው እንግዲህ እኔ ነኝ።

46 ስላይድ ይዤ ነበር። የአዳራሹን ቁልፍ የያዘው ሰው ለቅሶ ሄዷል። ዛፍ ሥር ተቀመጥን።

ገንዘብ ያዧ እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው። አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። "ልጄ፣ ማጭዳችንን የሚስለው ቀጥቃጭ መጻፍ አይችልም። ደረሰኝ ከየት ያምጣ?"

ዝም አልኩ። ደረሰኝ የሚቆርጥ ሱቅ ያለው ሶዶ ነው፤ የደርሶ መልሱ ሒሳብ ከማጭዱ መሳያ ዋጋ ይበልጣል።

ከፌስታል ውስጥ ደብተር አወጡ። ቀን፣ ሥራ፣ ብር፣ ከዚያ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የአውራ ጣት አሻራ፣ ጎኑ የሁለት ምስክር ፊርማ። "ጉቶ ማስተካከል፣ ሦስት ሰው፣ ግማሽ ቀን።" አንድም መስመር አልተዘለለም። የእኛ ቢሮ መዝገብ እንዲህ ቢሆን ኦዲተር ሲመጣ ባልደነገጥን።

ከዚያ ገደሉን አሳዩኝ። አንድ ጉቶ ላይ ሃያ የሚሆን ቀንበጥ ፈልቋል። አራት ቀጥ ያሉትን አስቀርተው ሌላውን ጨረሱት። የቀሩትንም ከወገብ በታች ያሉ ቅርንጫፎቻቸውን መለመሏቸው። ማጭዱን ከታች ወደ ላይ ነው የሚስቡት፤ ወደ ታች ከሆነ ልጡ ይገፈፋል። እኔም ሞከርኩ። ገፈፍኩት። "አይዞህ" አሉኝ፣ ማጭዱን ግን ወሰዱብኝ።

ስላይዶቹን ተውኳቸው። ከሰዓት በኋላ አንድ ገጽ ብቻ ጻፍን፦ ለጥቃቅን ወጪ አሻራ፣ ሁለት ምስክርና የቀበሌ ማህተም ይበቃል የሚል ጥያቄ። ባለ ቁልፉ ከለቅሶ ተመለሰ። ማህተሙም እሱ ጋ ነው ለካ! ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ለለጋሹ ላክሁ። "ደርሶናል፣ እናያለን" ብለው መለሱ። ይህችን "እናያለን" አውቃታለሁ። ሰኞ እደውላለሁ።

አንድ ወጣት በሞተር አስፋልት ድረስ አደረሰኝ። ብር ስሰጠው ተቆጣ።

ልሄድ ስል ገንዘብ ያዧ የባጃጁን ታሪክ ሰምተው ስለነበር ከደብተራቸው አንድ ገጽ ቀደው ሰጡኝ። ሶዶ ላይ ሌላ ባጃጅ ያዝኩ፤ 40 ብር። ወረቀቱን ስዘረጋለት ልጁ እንደ እብድ አየኝ። ግን እየሳቀ ፈረመ። የ200 ብሩ ከኪሴ ሄዷል።