ሮምን በአበበ ቢቂላ መንገድ፦ ለልውውጥ ተማሪዎች የእግር ጉዞ

ለትምህርት ልውውጥ ሮም የገባ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት የሚደረግለት ጉብኝት አብዛኛውን ጊዜ ኮሎሲየምን፣ የትሬቪን ምንጭና ቫቲካንን አሳይቶ ያበቃል። ሁሉም መታየት ያለባቸው ናቸው። የእኛ ታሪክ ያረፈባቸው ቦታዎች ግን በዚያ ጉብኝት ውስጥ እምብዛም አይገቡም፤ ስለዚህ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ራሱ ፈልጎ ሊያያቸው ይገባል። ከዚህ በታች ያለው መንገድ ጠዋት ከተጀመረ እስከ ምሳ ሰዓት ያልቃል። ቀኖቹና ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓ፣ ሰዓቶቹም እንደ ጣሊያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ይሁን። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፤ ስያሜው በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለተደመሰሱት አምስት መቶ ያህል የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። አደባባዩን ተሻግራችሁ ወደ ዲዮቅላጢያኖስ መታጠቢያ ስታቀኑ በቪያሌ ሉዊጂ ኤይናውዲ ዳር፣ ዛፍ ያለበት ትንሽ ቦታ ላይ፣ መጠነኛ ሐውልት ታገኛላችሁ። ድንጋዩ የግብፁ ንጉሥ ዳግማዊ ራምሴስ ያስጠረበው ነው፤ ከታች ያለው መቀመጫ ግን የዶጋሊ ሟቾች መታሰቢያ ነው። ከአዲስ አበባ ለገሃር የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት አገሩ እስኪመለስ ድረስ የቆመው እዚህ ሥር ነበር። በአንበሳው ፊት ሰይፍ መዝዞ ጣሊያኖችን ያጠቃው የዘርዓይ ደረስ ታሪክም የሚያያዘው ከዚሁ ቦታ ጋር ነው። አሁን ይህን ሁሉ የሚነግር ነገር ስለማታገኙ አንብባችሁ ሂዱ። ቦርሳችሁን ደግሞ ከፊት አድርጉት፤ ተርሚኒ አካባቢ ኪስ አውላቂ ብዙ ነው።

ከዚያ ሰማያዊውን የሜትሮ ቢ መስመር ወደ ላውሬንቲና አቅጣጫ ያዙና ሦስተኛው ፌርማታ፣ ቺርኮ ማሲሞ፣ ላይ ውረዱ። ተራው ትኬት 1.50 ዩሮ ሲሆን ለ100 ደቂቃ ያገለግላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አውቶቡስ የፈለጋችሁትን ያህል መቀያየር ትችላላችሁ፤ ሜትሮ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አውቶቡስ ላይ የወረቀቱን ትኬት በማሽኑ ማስመታት የግድ ነው። ትኬት ገዝቶ ሳያስመታ የተገኘ ሰው እንዳልከፈለ ይቆጠራል፤ ቅጣቱም ከ50 ዩሮ በላይ ነው። አዲስ ተማሪዎች በብዛት የሚቀጡት በዚህ ነው። ከወር በላይ የምትቆዩ ከሆነ የወር ትኬት ያዋጣችኋል። የሥራ ማቆም አድማ ደግሞ አርብ አርብ ስለሚበዛ ሐሙስ ማታ ማጣራት ልማድ ይሁናችሁ።

ከሜትሮው ስትወጡ የምታዩት ትልቅ ነጭ ሕንጻ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ሲጀመር የታሰበው ለጣሊያን የአፍሪካ ቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር። የአክሱም ሐውልት ቆሞ የነበረው በዚሁ በፖርታ ካፔና አደባባይ ነው። 24 ሜትር የሚረዝመው ሐውልት በ1937 ተወስዶ በዚያው ዓመት እዚህ ተተከለ። በ1947 የተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን ከኢትዮጵያ የወሰደችውን ቅርስ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያስገድድ ነበር፤ ሐውልቱ ግን የፈረሰው በ2003፣ በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም የገባው በ2005፣ ዳግም የቆመው በ2008 ነው። ከ18 ወር ወደ 58 ዓመት! ዛሬ በአካባቢው የሚታዩት ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች አሜሪካ ላይ በደረሰው የመስከረም 11 ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ የቆሙ ናቸው፤ ከአክሱም ጋር ግንኙነት ስለሌላቸው አትሳሳቱ።

እዚህ ቸኩላችሁ አትለፉ። መስከረም 10 ቀን 1960 ምሽት በሮም ኦሊምፒክ ማራቶን አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ እየሮጠ በአክሱም ሐውልት ሥር አለፈ። ከሞሮኮው ራዲ ጋር ጎን ለጎን ቆይቶ ጥሎት የሄደው እዚህ አካባቢ ነው። ከአደባባዩ ተነስቶ ወደ ሰሜን የሚሄደውን ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ያዙ። በግራችሁ የፓላቲን ኮረብታ፣ በቀኛችሁ የቼሊዮ ኮረብታ፣ ከፊታችሁ ደግሞ የቆስጠንጢኖስ ቅስት አለ። አበበ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ፣ ራዲን በ25 ሰከንድ ቀድሞ፣ የማራቶኑን ክብረ ወሰን የሰበረው በዚህ ቅስት ሥር ነው። በእግር ቢበዛ 10 ደቂቃ ይወስዳል፤ ክፍያም የለውም። ከቅስቱ በቪያ ዴይ ፎሪ ኢምፔሪያሊ ወደ ካምፒዶሊዮ ኮረብታ ከወጣችሁ ደግሞ ውድድሩ የተጀመረበትን ቦታ ታገኛላችሁ። ከኮረብታው ጀርባ ካለው እርከን የሮማን ፎረም በሙሉ በነጻ ይታያል።

ስለ ጫማና ውኃ አንድ ነገር ልበል። የመሃል ከተማው መንገድ በብዛት የተነጠፈው ሳምፒየትሪኒ በሚባል የጥቁር ድንጋይ ጡብ ነው። ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል፤ ስስ ሶል ያለውን ጫማ ያደረገ ሰው እግሩ ቶሎ ይዝላል። ውኃ አትግዙ፤ በየመንገዱ ናሶኒ የሚባሉ ብረት ቧንቧዎች ቀን ከሌት ይፈሳሉ፣ ይጠጣሉም። ጎንበስ ማለት አያስፈልግም፦ የታችኛውን አፍ በጣታችሁ ድፈኑት፤ ውኃው ከላይ ካለችው ቀዳዳ ወደ አፋችሁ ይመጣል።

ኮሎሲየም መግባት ከፈለጋችሁ ትኬቱ በስም ስለሚቆረጥ በመታወቂያችሁ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ስማችሁን ጻፉ፤ የአባትና የአያት ስም ቅደም ተከተል እኛን ብዙ ጊዜ ያምታታናል። ከ18 እስከ 25 ዓመት ላሉ ወጣቶች የሚሰጠው ቅናሽ በዋናነት ለአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ስለሆነ የተማሪ መታወቂያ ብቻውን አያሳንስላችሁም። አርክቴክቸር፣ አርኪዮሎጂ ወይም የሥነ ጥበብ ታሪክ የምትማሩ ግን በኅብረቱ ዩኒቨርሲቲ ስለመመዝገባችሁ የዓመቱን ማስረጃ ይዛችሁ ከሄዳችሁ የመንግሥት ሙዚየሞች በነጻ ሊያስገቧችሁ ይገባል። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ መግቢያው ለሁሉም ነጻ ነው፤ ሰልፉ ግን ረጅም ነው። አብያተ ክርስቲያናት በብዛት ከ12፡30 እስከ 15፡30 ገደማ ይዘጋሉ፤ ትከሻና ጉልበት ያልሸፈነ ሰው ትልልቆቹ ውስጥ አይገባም።

የቫቲካኑ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ሌላ ቀን ይፈልጋል። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ ከቅጥሩ ውስጥ ነው። ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ መነኮሳትና ምዕመናን ማረፊያ ነበር። የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና 1549 በግዕዝ ያሳተሙትን ሐዲስ ኪዳን የሠሩት በሮም ሳሉ ነው፤ ኢትዮጵያዊው ካህን አባ ጎርጎርዮስም ከጀርመናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ጋር በ1649 የተገናኙት እዚሁ ከተማ ነው። ዝም ብሎ ሄዶ መግባት ግን አይቻልም፤ የቫቲካን የአትክልት ስፍራ የሚጎበኘው አስቀድሞ በተያዘ ጉብኝት ነው። ከክፍላችሁ ጋር የምትሄዱ ከሆነ መምህራችሁ ከሳምንታት በፊት በደብዳቤ እንዲጠይቁላችሁ አድርጉ፤ ደብዳቤው ላይም ቤተ ክርስቲያኑን ማየት እንደምትፈልጉ በስሙ ጥሩት፦ ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ።