ከዘፋኙ ጀርባ ያሉትን መስማት፦ የአልበም ማስታወሻ ከሐዋሳ

ሰላም ወዳጆች። «ሰሞኑን ምን እየሰማችሁ ነው?» የሚለው ጥያቄ ሲዞር ቶሎ ያልመለስኩት አንድ አልበም ብቻ ጠርቼ ማለፍ ስላቃተኝ ነው። እዚህ ሐዋሳ ጥቂት ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት አቶቴ አካባቢ ባለ አንድ የቴፕና የቲቪ ጥገና ቤት እየተሰበሰብን አንድ አልበም ከጫፍ እስከ ጫፍ እንሰማለን። ደንባችን አጭር ነው፤ ዘፈን መዝለል የለም፣ ስልክ መነካካት የለም፣ እስኪያልቅ ወሬ የለም። ካለቀ በኋላ ግን ከአቦል እስከ በረካ ጭቅጭቅ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው እኔ ከዚያ ጭቅጭቅ ያተረፍኩትን ነው። የዓመት ቁጥሮቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እኔ የያዝኩት ልምምድ ከዘፋኙ ጀርባ ያሉትን መስማት ነው። እኛ አገር ዘፈን ሲነሳ የሚነሳው ዘፋኙ ነው። ግጥሙን በቃላችን እንይዘዋለን፣ ዜማውን እናንጎራጉራለን፤ ቤዙን ማን መታው፣ ቅንብሩን ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ ግን ከመቶ አንድ ነው። ስለዚህ አንድን አልበም መጀመሪያ እንደማንኛውም ሰው እሰማዋለሁ። ቀጥሎ ቤዝ ጊታሩን ብቻ፣ ከዚያ ድራሙን ብቻ፣ ከዚያ የትንፋሽ መሣሪያዎቹን ብቻ። ጆሮ መጀመሪያ እሺ አይልም፤ ድምፃዊው አፉን በከፈተ ቁጥር ወደ እሱ ይሮጣል። ግጥሙን እያወቁ አለመከተል ራሱን የቻለ ትግል ነው።

ለዚህ ነው በዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» የጀመርነው። የ1977 ሥራ ነው፤ አልፎ አልፎ አጃቢ ድምፅ ከመሰማቱ በቀር ዋና ድምፃዊ የለበትም፣ ጆሮ የሚሸሸግበት ቦታ ያጣል። ኦርጋኑ ላይ ኃይሉ መርጊያ አለ፣ ቫይብራፎኑ (በዘንግ የሚመታ የብረት ቁልፎች ያሉት መሣሪያ) ላይ ሙላቱ አስታጥቄ። ግርማ በየነ የደረሰው «ሙዚቃዊ ስልት» የሚገኘውም እዚሁ አልበም ላይ ነው። ይህን ሙዚቃ ብዙዎቻችን ሳናውቀው እናውቀዋለን፣ ያልተሰማበት ቦታ የለምና። ቤዙን ብቻ ስትከተሉት ግን ሌላ ሙዚቃ ይሆናል። አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ ይዞራታል፣ ይዞራታል፤ ከላይ ያሉት እንደፈለጉ ሲወጡና ሲወርዱ እሱ ቦታውን አይለቅም።

የሂሳብ አስተማሪዋ ጓደኛችን «ይሄ እኮ የሆቴል ሙዚቃ ነው፤ እራት እየበላህ የምትሰማው» አለች። መልሱ የመጣው ከጋሼ ነው፤ ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት እሳቸው ናቸው። «ሆቴል መሆኑስ እውነት ነው፤ ሰዉ ግን እራቱን በልቶ ወዴት ይሄዳል?» አሉ። ዋልያሶች በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ሂልተን ይጫወቱ ነበር። ጊዜው የሰዓት እላፊ ስለነበር ሊዝናና የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም፤ ባንዱም አብሮ ያነጋል። እኔ ከዚያ ወዲህ አልበሙን በዚህ ጆሮ ነው የምሰማው። ሌሊቱ ረጅም እንደሆነ የሚያውቅ ባንድ አይቸኩልም። አስተማሪዋ አሁንም አልተረታችም።

ከዚያ የኃይሉን ፈለግ ይዘን ቀጠልን። ዋልያሶች 1981 አሜሪካ ሄደው ሲያበቁ እሱን ጨምሮ ገሚሶቹ እዚያው ቀሩ። በ1985 ብቻውን «ሸሞንሟናዬን» ቀዳ፤ አኮርዲዮን፣ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን። ሌላ ተጫዋች የለም፤ ሁሉንም ራሱ ነው። ከዚያ በኋላ ዋሽንግተን ውስጥ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነዳ፤ ኪቦርዱን የኋላ ኮፈን ውስጥ ይዞ፣ ኤርፖርት ተሳፋሪ ሲጠብቅ እያወጣ ይለማመድ ነበር። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሲሰማው ተመልሶ መድረክ ላይ ወጣ፤ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጣ።

በ«ሸሞንሟናዬ» ላይ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ከመካከላችን ቤዝ የሚመታው ልጅ ድራም ማሽኑን ጠላው፤ «ነፍስ የለውም፣ ግድግዳ ላይ ያለ ሰዓት ነው» አለ። እኔ ደግሞ የወደድኩት በዚያው ምክንያት ነው። ማሽኑ ምንም ስለማይሰማው አኮርዲዮኑ የሚተነፍሰው ትንፋሽ ሁሉ ጎልቶ ይወጣል። ቤሎው፣ ማለትም የአኮርዲዮኑ ወናፍ፣ ሲሳብና ሲገፋ ያለችውን ትንሽ መዘግየት ልብ በሉ። ሕያው ድራመር ቢኖር ኖሮ ሮጦ ይደርስለትና ያቺ መዘግየት ትጠፋ ነበር። ይህን ለማየት የጆሮ ማዳመጫ ያስፈልጋል፤ በስልክ ስፒከር አይሰማም።

ጥገና ቤት ውስጥ መስማት ያስተማረኝን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ካሴት ያላችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። አንዲት ትንሽ ኪቦርድ ይዤ እሄዳለሁ፤ የዘፈኑን ድምፆች አንድ በአንድ እየፈለግኩ ቅኝቱን ለማወቅ። አንድ ካሴት አልገጥም አለኝ። የምነካው ቁልፍ ወይ ትንሽ ያንሳል ወይ ትንሽ ይበልጣል። የቤቱ ባለቤት ሰማ፣ ሳቀ፣ ቴፑን ገለበጠው። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ነው መሄድ ያለበት። ከዚያ 6 በመቶ ያህል ከፈጠነ ሙዚቃው በሙሉ በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል፤ 3 በመቶ ከሆነ ደግሞ በሁለት ቁልፍ መሀል ይወድቅና ከየትኛውም ጋር አይገጥምም። ሞተሩ ጀርባ ላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ቀጭን ጠመንጃ መፍቻ አስገብቶ፣ ያንኑ ዘፈን በስልኩ ጎን ለጎን እያጫወተ፣ ሁለቱ እስኪገጥሙ አዞረው። ካሴቱን የሚያነበውን የቴፑን ሄድም በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጠረገው፤ ጥጡ ቡናማ ሆኖ ወጣ፣ ታፍኖ የነበረው የሲምባል ድምፅም ተመለሰ። እስከዚያ ድረስ ጥፋቱ የቀረጻው ነው ብለን ነበር የምንከራከረው።

ቅኝትን በተመለከተ የደረስኩበትን ላስቀምጥ። በዶ ብንነሳ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)። አንቺ ሆዬ ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። ትዝታና ባቲ ሌላ መልክም አላቸው፤ ለምሳሌ በትዝታ ሚና ላ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ ያው ዜማ ፊቱን ያጠቁራል። አሁን ትዝታን በሁለቱም መልኩ ያለ ኪቦርድ እለየዋለሁ። አምባሰልና አንቺ ሆዬ ሁለቱም ከመነሻው ግማሽ ድምፅ ብቻ ስለሚራመዱ አሁንም ያምታቱኛል። የሚለያዩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ከፋ ቀጥሎ ሙሉ እርምጃ ከተሰማ አምባሰል፣ ግማሽ ከተሰማ አንቺ ሆዬ። ዘዴ ያላችሁ ጻፉልኝ።

ከድምፃውያን አልበሞች ለዚህ ልምምድ የሚመቸኝ የማሕሙድ አሕመድ «እረ መላ መላ» ነው። 1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተሠራ ሲሆን፣ በ1986 ቤልጂየም ውስጥ ታትሞ የእኛን ሙዚቃ ለብዙ የውጭ አድማጭ ያስተዋወቀ ነው። ማሕሙድን መስማት ለማንም አያስተምሩም። ከስሩ ያሉትን ስሙ። አይቤክስ ኋላ ሮሃ የሆነው ባንድ ነው፤ ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ፣ ሰላም ወልደማርያም በጊታር የሚታወቁበት። የ80ዎቹን ካሴቶች ስትሰሙ ዘፋኙ ይለዋወጣል፣ ከጀርባ ያለው እጅ ግን ደጋግሞ ያው ነው። እኔ በበኩሌ «የዚያ ዘመን ድምፅ» የምንለው ነገር ግማሹ የሮሃ ድምፅ ነው ባይ ነኝ። ቤዝ የሚመታው ልጅ በዚህ ብቻ ተስማምቶኛል።

የጂጂ የ2001 አልበም ሌላ ዓይነት ፈተና ነበር። ቢል ላስዌል ነው ፕሮዲውስ ያደረገው፤ ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮህ ሳንደርስ ተጫውተውበታል። የጃዝ ሰው ለሆነ ይህ ዝርዝር ብቻውን ያስደነግጣል። እኛ ግን «አባይን» ስናውቀው ይህን ሁሉ ዓመት ማን እንዳጀባት አንድም ቀን አልጠየቅንም። ሦስተኛ ዙር ላይ ሳክስፎኑን ብቻ ተከተልኩ። እነዚያ ትልልቅ ሰዎች እንግዳ መሆናቸውን ያውቃሉ፤ እሷ ስትዘፍን ዝም ይላሉ፣ ስትጨርስ ትንሽ ብለው ይመለሳሉ። አስተማሪዋ ቅንብሩ ከዜማው በዝቷል ባይ ናት፤ አንድ ሁለት ዘፈኖች ላይ እውነቷን ነው።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ፦ ፒያኖ ብቻ፤ የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1960ዎቹ ጀርመን ታተመ። ከኋላ የምሰማው ሌላ ሰው ስለሌለ ግራ እጃቸውን ብቻ ተከተልኩ፤ ምቱ እንደ ሰዓት አይሄድም፣ ትንፋሽ እየጠበቀ ነው የሚሄደው። ጌታቸው መኩሪያ፦ በሳክስፎን ይሸልላል። ሽለላን በልጅነታችሁ ሠርግ ላይ ከሰማችሁ ቃላቱ ጭምር የሚሰሙ ይመስላችኋል። የሮፍናን የ2018 «ነጸብራቅ»፦ ልጆቻችንን ለማስደሰት ብለን ነበር የከፈትነው፣ ጋሼ ሁለተኛ ይደገም አሉ። ምክንያቱን ጠየቅናቸው፤ «ምቱ ከአገር ቤት ነው፣ ልብሱ ብቻ ነው የተቀየረ» አሉ።

አንድ ቅዳሜ ደግሞ አልበሙን ትተን ጠጋኙ ወዳጃችን በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጨምበላላ፣ ጉዱማሌ አደባባይ ላይ በስልኩ የቀዳውን ቄጣላ፣ የጋራውን ባህላዊ ጭፈራ፣ ሰማን። ቀረጻው በነፋስና በጩኸት የተሞላ ነው። መሣሪያ የለም፤ አንዱ ያወጣል፣ ብዙኃኑ ይቀበላል፣ እግር መሬት ይመታል። ሐዋሳ እየኖርኩ ቤዝ ፍለጋ አዲስ አበባና ዋሽንግተን ስዞር፣ ከታች የሚይዘው ድምፅ እዚሁ በሽማግሌዎቹ ደረት ውስጥ ነበር። ይህንንም አሁን በየዙሩ ለይቼ መስማት ጀምሬያለሁ፤ ተቀባዮቹ የሚገቡት አውጪው ሳይጨርስ መሆኑን ያስተዋልኩት በዚህ መንገድ ነው።

የሚቀጥለው የአስቴር አወቀ የ1991 «ካቡ» ነው። ከእኔ ጋር ልትሰሙ የምትፈልጉ ካላችሁ መጀመሪያ የትንፋሽ መሣሪያዎቹን ብቻ ተከተሉ፤ የት እንደሚገቡና የት እንደሚወጡ ጻፉና እናስተያይ። እና አንድ ልመና፦ የ80ዎቹ ካሴት ቤታችሁ ካለ የሽፋኑን ወረቀት ዘርግታችሁ የተጫዋቾችና የአቀናባሪ ስም ያለበትን ገጽ ፎቶ አንሱልኝ። ካሴቱ የተበጠሰም ቢሆን ችግር የለም፤ ሐዋሳ የምትመጡ ከሆነ ይዛችሁ ኑ፣ የጥገና ቤቱ ባለቤት ይቀጥለዋል።